ሠላሳ ስድስት ሚሊሜትር

ጥር 6
ዓለም ጤና ከተማ ደርሼ መጣሁ። የሽንኩርት ዘገባ። ናዝሬት ከሚኒባሱ ስወርድ ግራ ዳሌዬ ጠቅ አደረገኝ። ባለቤቴ ሎሚ ከበር ስታየኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ማነከስ ጀመርክ?» አለች። መንገዱ ነው አልኳት። እሷን ግን ማታለል አይቻልም... መንገዱ ነው?

ጥር 14
መንገዱ አይደለም። ዶክተር ሶፊ ራጁን አሳየችኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ዶክተር ገላና የገጠመልኝ ሰው ሠራሽ ዳሌ የብረት ኳስ ነው። ኳሱ የሚዞርበት ጎድጓዳ ውስጡን ፕላስቲክ ለብሷል። ፕላስቲኩ በላይ በኩል አልቋል። ብናኙ አጥንቴን እየበላው ነው።
«ኳሱ ትልቅ ነው፣ ሠላሳ ስድስት ሚሊሜትር። ትልቅ ኳስ በቀላሉ ከቦታው አይወጣም። ግን የፕላስቲኩን ቦታ ይሻማል። ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ ቶሎ አለቀ» አለች።
እንደገና ልቀደድ ነው። በስድሳ አንድ ዓመቴ!
ገላና «አያልቅም» ብሎኝ ነበር። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አያልቅም! ቆይ...

ጥር 17
ጻፍኩ። ከወንበሬ ሳልነሳ። ርዕስ፦ «አያልቅም ያሉኝ ሐኪም»። ስሙን ከነማዕረጉ። ሠላሳ አራት ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ ለራሴ ጉዳይ ብዕር አንስቼ አላውቅም። ይህቺ ግን የኔ ናት። ክሊኒኩ ጭር ብሎ ማየት አለብኝ።

ጥር 18
አዘጋጇ ማርቲ አነበበችው። ሥራ ያስተማርኳት ልጅ።
«ጋሼ፣ ጥቅሱ ማስረጃ አለው?»
«የዚያን ቀን ደብተሬ አለ።»
«እንግዲያው ያምጡታ! ጥቅስ ያለ ደብተር ወሬ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»
ደሜ ፈላ። ደግሞ ልክ ናት።

ጥር 21
ደብተሩ ተገኘ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ «ዶ/ር ገ.፦ ቁጢጥ ቢሉም አይወልቅም።»
አይወልቅም። አያልቅም አይደለም።
የጠየቅሁት ቁጢጥ ስለማለት ነበር፣ ቤተ ጸሎት ስለመንበርከክ። ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ጥያቄ ገጹ ላይ የለም። እኔ ልረሳው? እኔ?
ደብተሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የከሰሉ እሳትም ቅርብ ነው።

ጥር 22
አላቃጠልኩትም። ምሕረት ግን አይደለም። ክሊኒኩ ሄድኩ።
«አካም ጋሼ! ዳሌው እንዴት ነው? ወለቀ እንዴ?» አለ ገላና።
«አልወለቀም።»
«አላልኩዎትም!» ሳቀ።
«አለቀ።»
ራጁን ሰጠሁት። ብዙ አየው።
«ቁጢጥ ማለት አለብኝ ስላሉ ነው ትልቁን የመረጥኩት። ያኔ የነበረን ፕላስቲክ ደግሞ...»
«ቶሎ እንደሚያልቅ ታውቅ ነበር?»
«ሊያልቅ እንደሚችል... አዎ።»
«ለምን አልነገርከኝም?»
«አልጠየቁኝማ!»
ደብተር አወጣሁ። ቃሉን እዚያው እፊቱ ጻፍኩት፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። አነበብኩለት።
«እንደዚህ ነው ያልከው?»
«አዎ... ጋሼ፣ ሊያትሙት ነው እንዴ?»
«ልክ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»
«ልክ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

የካቲት 1
ወጣ። አዲሱ ርዕስ፦ «አልጠየቁኝማ»። የኔም ጥፋት ሁለት መስመር ገባ፦ የተባልኩትን ቃል ለስድስት ዓመት አጣምሜ መያዜ። ማርቲ «ከፊተኛው ይሄኛው ነው የሚነክሰው» አለች። አውቃለሁ። ማስተባበያ የማይገኝለት ነው።

መጋቢት 12
ከተቀየረልኝ ሦስት ሳምንት። ኳሱ አነስ ያለ፣ ፕላስቲኩ ወፈር ያለ። ይህ ደግሞ ሊወልቅ ይችላል። ጠይቄ፣ ሶፊ ነግራኝ፣ ፈርሜ ነው። ቁጢጥ ማለት ቀረ።
ከሰዓት ገላና ደወለ።
«ጋሼ፣ ጨረሱኝ እኮ! የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ጋዜጣውን አጥፎ ይዞ ነው። ገና ሳይቀመጥ፣ ስንት ዓመት ይቆያል? መቼ ነው የሚያልቀው? ምን ላድርጋቸው?»
«መልስላቸዋ» አልኩና ዘጋሁት።