ጣት የምታህል ትርፍ

እህት ዓለም፣ ሰላም ነሽ ወይ?

በዚህ ፖስት ካርድ ፊት ያለው ባሕር ጥርት ያለ ነው፤ እኔ ቀን ሙሉ የማየው ግን ድፍርሱን ነው። ውሃ ውስጥ የተነሡ ፎቶዎች ይሰጡኛል፤ የእያንዳንዱን ዓሣ ዳር ተከትዬ በኮምፒውተር አሰምራለሁ። ማሽኑ ያሰመርኩትን ደጋግሞ እያየ ዓሣን ከጭቃና ከድንጋይ መለየት ይማራል። ከጠመኔ ወደ ማውስ ዞርኩ እንጂ፣ ሥራው ያው አባትሽ ጋሼ በልብስ ስፌት ቤታቸው ያስተማሩን ቅድ ነው።

ትናንት አለቃዬ ጠርታ፣ "ያንተ ዓሦች ምን በልተው ነው እንዲህ የወፈሩት?" አለችኝ። ልብ ብዬ ሳይ፣ ለካ እጄ ሳላዘው በየዓሣው ዙሪያ ጣት የምታህል ትርፍ ይተዋል! "ልጅ ያድጋል፤ ሲጠበው የሚለቀቅ ተዉለት" እያሉ በማስመሪያ ጣታችንን ሲቆነድዱን የኖሩት አባትሽ አይደሉ? ይህንኑ ሳስረዳት እየሳቀች ስክሪኑን አዞረችልኝ። ማሽኑም ለምዶታል። እኔ አይቼው የማላውቀውን ዓሣ ሁሉ በትርፍ ያሰምራል።

አባትሽ ባሕር ሳያዩ አረፉ፤ እጃቸው ግን ባሕር ገባ። እንባዬ መጣ፣ አልዋሽሽም።

ከነገ ጀምሮ ሁሉንም አጥብቤ እንደገና ላሰምር ነው። አንዲት ሚጢጢ ዓሣ ብቻ እንዳለች እተዋታለሁ፤ ታድጋለች ብዬ።

እናትሽን ሳሚልኝ። የጋሼን መቀስ ለማንም እንዳታውሺ። ፊደሌ የተጨናነቀው የካርዱ ቦታ ስላለቀብኝ ነው፤ ጋሼ ቢያዩት "ትርፉስ የታለ?" ይሉኝ ነበር።