ያሳጠርኩት ጥያቄ

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በመጽሐፍዎ አራተኛ ምዕራፍ ላይ የፈጸምኩትን ጥፋት ለመናዘዝና አንድ ነገር ለመለመን ነው። ጥፋቱን እርስዎ አያውቁትም፤ እህቴ ግን የእርስዎ ሥራ መስሏት ነበር።

በዚያ ምዕራፍ አንዲት ጠያቂ ስለ ሥላሴ ትጠይቃለች፤ እርስዎ ይመልሳሉ። ስሟን ባይጠቅሱም ረቂቁን ስተይብ የእህቴን ድምፅ ሰማሁት። ከመድኃኒት ቤት መጥታ፣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ የጠየቀችዎትን ቃል በቃል አስፍረውታል፦ «ሦስት ሰዎች በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ናቸው። እኛ ግን ሦስት ሰዎች እንላቸዋለን። ታዲያ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ሦስት አማልክት የማይባሉት በምን ምክንያት ነው?»

መልስዎ አንድ መስመር ነበር፦ «ይህ ምሥጢር ነው፤ በእምነት እንቀበለዋለን።»

የዚያን ዕለቱን ያስታውሳሉ።

«አባባ፣ አንዳንዱ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ እሰጣለሁ» አለች። «ማዘዣው አንዱ መስመር ላይ ‹ይውሰድ›፣ ሌላው ላይ ‹እንዳይወስድ› ካለ ግን ምሥጢር ነው ብዬ አላስረክብም። ሐኪሙ ጋ እደውላለሁ።»

«ይኸው ደወልሽ» አሉ እየሳቁ።

«ደወልኩ። እርስዎ ጆሮዬ ላይ ዘጉት።»

ሳቅዎ ቆመ። እኔ ሳህን አጥብ ነበር፤ ፊቴን ሳላዞር «እትዬ፣ ተዪ እንጂ፤ ምሥጢር ነው አሉሽ እኮ» አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የምትመጣው እርስዎ የሌሉበትን ሰዓት መርጣ ነው።

እርስዎ ለማስተማር ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱ በኋላ ረቂቁን ሳርም፣ መልሱ ለጥያቄው እንደማይበቃ ታየኝ። አራሚ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኝ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጎ ለደራሲው ይመልሳል። ለሌላው ደራሲ ሁሉ የማደርገውን ለእርስዎ አላደረግኩም። መልሱን መንካት ፈርቼ ጥያቄውን አሳጠርኩት። ስለ ሦስቱ ሰዎች የሚለውን አውጥቼ «ሦስቱ እንዴት አንድ ይሆናሉ?» የሚለውን ብቻ ተውኩ። መልስዎ ገጠመ፤ ገጹም አማረ።

ባለፈው እሑድ እህቴ የሙከራ ኅትመቱን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘችው።

«ይቺ ጠያቂ እንዴት ያለች ጭምት ናት» አለች። «መልስ መንፈጋቸው ሳያንስ ጥያቄዬንም ቆረጡት?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ እርስዎን እንደከሰሰ የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው። ትናንት መድኃኒት ቤት ሄጄ እውነቱን ነገርኳት።

«አንቺማ ከእሳቸው ባስሽ» አለችኝ። «እሳቸው መልስ ነው ያጡት። አንቺ ጠያቂዋን ነው ያጠፋሻት።»

አባባ፣ እኔ በሥላሴ አምናለሁ፤ ከአእምሯችን በላይ የሆነ ነገር መኖሩንም አልጠራጠርም። ነገር ግን ምሥጢር የሚለውን ቃል አስበን አስበን ስንደክም በአክብሮት መጥራት አንድ ነገር ነው፤ ከማሰባችን በፊት በር መዝጊያ ማድረግ ሌላ። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ከሆነ ማንኛውም ስሕተት በቃሉ ሥር ይጠለላል፤ የእኛንም እውነት ከስሕተቱ የሚለይልን አይኖርም።

ጥያቄዋን እንደነበረ መልሼዋለሁ፤ ከሥሩም ግማሽ ገጽ ባዶ ትቻለሁ። የሥላሴ አንድነት ከሦስት ሰዎች አንድነት በምን እንደሚለይ የሚያውቁትን ያህል ይጻፉልኝ። የሚያውቁት ሲያልቅ «ከዚህ በኋላ አላውቅም» ብለው ያቁሙ። በሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ አንዱ ለእህቴ፣ በስሟና በእጅዎ ጽሑፍ ይሁን። ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን የሚዘጋው ኅዳር 20 ስለሆነ እስከ ኅዳር 18 እንዲደርሰኝ እለምንዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ታናሿ ልጅዎ