ጋሽ ከድር የጠየቁኝ ቀለበት

እሁድ

ተበላ! ሌላ ምን ልበል። የመፈተሻ ማሽኑ የተመደበለትን ሰዓት ግማሹን እንኳ ሳይሄድ ከኢፖክሲ ሙጫ የሠራሁት ቀለበት ውስጡ ታርሶ ወጣ። አለቃችን ሙዲሩ አየት አደረገና "ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ነሐሱ እንመለስ" ብሎኝ ሄደ።

በውሃ ፓምፕ ዘንግ ላይ የነሐሱን የሚተካ ቀለበት ለመሥራት ጋሽ ከድር ስንት ዓመት ለፍተዋል። ኢፖክሲው እንዲጠነክርና መፋተግ እንዲችል በዓይን የማይለይ የሲሊካ ዱቄት፣ ናኖ የሚሉትን፣ ይቀላቅሉበታል። ጉበታቸው ከሥራ ካስቀራቸው ወዲህ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዱቄቱን ከሳቸው መጠን እጥፍ ያደረግኩትም እኔው ነኝ። ሲበዛ የሚጠነክር መስሎኝ!

ከሥራ ስወጣ ከመካ ደወሉ። ድምፃቸው አልቋል። "እንዴት ሆነልህ ሳሚ?"

"ቻለ ጋሼ፣ ምንም አልተበላ" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ" ብለው አለቀሱ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ

ሐኪሞቹ "ቤታቸው ይሁኑ" ብለው መልሰዋቸዋል። መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ያስታምሟቸዋል። እኔ ካለሁበት ከጅዳ መካ ቅርብ ነው። ለእኔ ግን አይደለም፤ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ አልገባም። ሥራ ያስተማሩኝን ሰው እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ "እግዜር ይማርዎ" ማለት እንኳ አልችልም። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ከማንም ጋር አልጣላም። ግን ያንገበግበኛል።

ዛሬም ደወሉ። "ቀለበቱን ላክልኝ፣ በእጄ ልዳብሰው" አሉኝ። ጉድ ፈላ!

ማክሰኞ

እትዬ ዘሀራ መድኃኒት ሊወስዱ ጅዳ መጡ። በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ከክፍሌ በታች ያለው ባቃላ፣ ሱቁ በር ላይ ተገናኘን። ኪሴ ውስጥ ሁለት ቀለበት አለ፦ የተበላውና ማሽን ላይ ያልወጣ አዲስ። አዲሱን ልሰጣቸው ነበር ያሰብኩት።

"አንተ ከነገርካቸው ወዲህ ገንፎ ቀመሱልኝ እኮ" አሉኝ። እጄን ሰድጄ የተበላውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አልሆነልኝም፣ በቃ።

ከዐሱር ሶላት በኋላ ጋሼ ደወሉ። ስድብ ነበር የጠበቅኩት።

"ጥፍሬ ገባበት እኮ። ዱቄቱን ስንት ከተትክበት?" ነገርኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ሽሮ መሰለህ እንዴ የምትነሰንሰው! ሲበዛ ይጓጉላል። ጓሉ ይነቀልና መልሶ ቀለበቱን እንደ አሸዋ ይፍቀዋል።" ሳቁ፤ ሳል አቋረጣቸው። "ለምን ዋሸኸኝ?"

"ደስ እንዲልዎት ጋሼ።"

"ደስ ብሎኝ ነበር ወላሂ። አሁን እውነተኛውን አምጣልኝ። ቶሎ በል ግን።"

ቶሎ በል ግን አሉኝ። እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ?

ረቡዕ

ሙዲሩን ለመንኩት፤ "አንዴ ብቻ" አለ። ዱቄቱን ምድጃ ውስጥ አደረቅኩት፣ የጅዳ እርጥበት አይለቅም። በሳቸው መጠን መዘንኩ። በደንብ አዋሃድኩ። አረፋውን አወጣሁ። ማጠንከሪያውን ጨምሬ ሻጋታ ውስጥ አፈሰስኩት። ከዚያ ምድጃ፤ እስኪጠነክር ሌላ ምንም የሚሠራ የለም።

እትዬ ዘሀራ ደውለው "ዛሬ እህል እምቢ ብለዋል" አሉኝ።

ሐሙስ

ቀለበቱ ማሽን ላይ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ድምፁን ሳዳምጥ ዋልኩ። ሻይ እንኳ አልጠጣሁም። ማሽን "ያላ፣ ፍጠን" ቢሉት አይሰማ! ማታ እትዬ ዘሀራ እንዳሉኝ ጋሼ መናገር አቁመዋል።

ዓርብ

ዕረፍት ነው፣ ግን ሥራ ቦታ ገባሁ። ቀለበቱን ፈትቼ ጠረግኩት። ውስጡ ያበራል። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ከክብደቱ የጎደለው ኢምንት ነው። ቻለ! ብቻዬን ጮኽኩ።

ወዲያው ደወልኩ። "ከትናንት ጀምሮ ዓይናቸውን አልገለጡም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው" አሉኝ እትዬ ዘሀራ።

"እባክዎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያድርጉልኝ።"

አደረጉልኝ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ይቆራረጣል።

"ጋሼ፣ ሳሚ ነኝ። ቀለበቱ ቻለ። በእርስዎ መጠን ነው የሠራሁት። አሁን አልዋሸሁም፣ ወላሂ።" እኔው ነኝ ወላሂ ያልኩት።

ጠበቅኩ።

እትዬ ዘሀራ ስልኩን መልሰው ያዙት። "ሰምተውሃል ልጄ፣ አብሽር።"

"እንዴት አወቁ?" አልኳቸው። ስልኩን አጠገባቸው አስቀመጡት መሰለኝ፣ ራቅ ብሎ ከቁርኣን ያሲንን ሲቀሩላቸው ተሰማኝ። ጋሼ ሰምተውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። እትዬ ዘሀራ ስልኩን አልዘጉትም፣ እኔም አልዘጋሁትም።