በስሟ የጻፍኩት መልስ

የካቲት 10፣ ሰኞ

ብርድ። ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሳም። ካልሲዬ አልደረቀም ነበር፣ እርጥቡን አድርጌ ሄድኩ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር አምባዬ ወሬ ይዘው ገቡ። ፖላንድ ካለ አንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ጋር በኢንተርኔት አብረን ልንሠራ ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ ፖላንዳዊ ጓደኛ። እንጻጻፋለን፣ መጨረሻ ላይ በቪዲዮ እንተያያለን። "ስለ ራሳችሁ ጻፉ" አሉን።

ሥራው እንደ ሁሉም ነገር በአንድ ለአምስት ነው። የኛ መሪ እኔ፣ በውጤት አንደኛ ስለሆንኩ። ሥሬ አምስት ልጆች አሉ። ኢሜይሉም ለቡድኑ አንድ ነው፣ ፓስወርዱ እኔ ጋ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሁለት ሰዓት ተገተርኩ። የራሴን ጻፍኩ። የሞላን፣ የሸረፈዲንን፣ የሌሎቹን ሁለት ልጆችም። ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው፤ መሪዋ ትጽፋለች፣ ሌላው ስሙን ያስገባል፣ ማርክ ለሁሉም እኩል። የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ፣ የሰው ዘር መገኛ፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ... አማረልኝ።

ዊዳድ ብቻ እምቢ አለች። የሐርቡ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ ከገባን ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። "ነፂዬ፣ የኔን እኔው ልሞክረው። ቢስቁብኝም ይሳቁ።" በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ።

እኔው ቀድሜ ሳቅሁባት። እናቷ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስትወርድ ዓይኗን ጨፍና የሰለዋት ጸሎቷን ታወርዳለች፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ እንደጨፈነች "አለን እንዴ?" ብላ ትጠይቃለች። ይኸው ነው ደብዳቤው። ግሱ የተምታታ፣ ነጠላና ብዙው የተደባለቀ። እንዳለ ታይፕ አድርጌ ላክሁት። ላርመው እችል ነበር። ልዩነታችንን ይዩት ብዬ ነው... እንዲህ ክፉ ነኝ እንዴ?

የካቲት 25

መልስ መጣ። ለኔ ማግዳ የምትባል ልጅ ሦስት መስመር። ደብዳቤሽ ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ ስለ አገርሽ ተምሬያለሁ። አለቀ።

ለዊዳድ ካሻ የምትባል ሁለት ገጽ! ከነፎቶው። የካሻ አያት ሊፍት ስለምትፈራ ስድስት ፎቅ በእግሯ ትወጣለች፣ በየፎቁ ቆማ ጎረቤት ታማለች። "ያንቺ እናትና የኔ አያት ቢገናኙ!" ትላለች።

ዊዳድ አምስቴ አስነበበችኝ። በየሰው ፊት ታቅፈኛለች። "አንቺ ባትልኪልኝ ኖሮ!" እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው።

መጋቢት 4

ቲቸር አምባዬ የዊዳድን ሁለተኛ ደብዳቤ ለክፍሉ በሙሉ አነበቡት። እኔ ቁጭ ብዬ ስህተቷን በጣቴ እቆጥራለሁ። አሥራ አራት። አሥራ አራት ስህተት ያለበት ወረቀት ተጨበጨበለት።

ቀናሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ግስ ያስጠናኋት ማን ሆነና? ዛሬ ሳር ቅጠሉ ዊዳድ ዊዳድ ይላል።

ማግዳ ከዚያ ወዲህ አልጻፈችም።

መጋቢት 15

ቲቸር አምባዬ ቢሮ ጠሩኝ። በር ዝጊ አሉኝ።

"የፖላንዷ መምህርት ጽፋልኛለች። ከናንተ ቡድን አምስቱ ደብዳቤ የአንድ ሰው ይመስላል፣ ተማሪዎቼ ከማን ጋር እንደሚጻጻፉ ግራ ገባቸው ትላለች። አንቺ ነሽ እንዴ?"

"አዎ ቲቸር። የቡድን ሥራ ነው ብዬ..."

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ዊዳድን ግን አወቅናት ይላሉ" አሉኝ፣ ለማጽናናት ይሁን ለሌላ እንጃ።

ዊዳድን አወቋት። ታዲያ አምስት ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ማን ነኝ? ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሷ ውጭ ቆማ "ነፂ፣ አመመሽ? አብሽሪ" ትለኛለች። እሷው!

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ኢሜይሉን ከፈትኩ። ከካሻ ለዊዳድ። የቪዲዮው ቀን ፕሮግራሙን እኔና አንቺ እንክፈተው፣ መምህርቴ ፈቅዳለች፣ እስከ ዓርብ መልሺልኝ።

ሦስቴ አነበብኩት። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ሰው ብዙ ነበር፣ ማንም አላየኝም። ከዚያ ጣቶቼ ብቻቸውን ሄዱ ልበል? አልሄዱም፣ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። በዊዳድ ስም እንዲህ ጻፍኩ፦ በግል ምክንያት ፕሮግራሙን መክፈት እንደማልችል የምገልጸው በታላቅ ትሕትና ነው። በኔ ምትክ የቡድን መሪያችን ነፃነት ብትከፍተው ደስታዬ ነው። ዊዳድ።

ላክሁት። በየቀኑ የሚጠፋ መብራት ዛሬ ሳይጠፋ ቀረ።

መጋቢት 24

አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 8

"ካሻ አልጻፈችም?"

"አልጻፈችም።"

ስትጠይቀኝ አራተኛዋ ነው። ካሻ ሁለቴ ጽፋለች። ደህና ነሽ ወይ፣ ምን ሆነሽ ነው ትላለች። አንብቤ ዘግቼዋለሁ።

ዊዳድ ከስታለች። "ወላሂ አስቀይሜያታለሁ። በአያቷ ቀለድኩ እኮ። አያት ላይ ይቀለዳል? ጅል ነኝ!" አለችና ከደብተሯ መሃል ወረቀት አወጣች። የይቅርታ ደብዳቤ። "ነፂዬ፣ ይቺን አንቺ አርሚልኝ። እንግሊዝኛዬ ይሆናል ያስቀየማት።"

አርሚልኝ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ! ዛሬ ሰማሁትና ምግብ አልበላልሽ አለኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አላረምኩትም። አልላክሁትም።

አሁን ብነግራትስ? ቪዲዮው ይለፍና እነግራታለሁ። ይለፍና...

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ከፈትኩ። የአክስቴን ጃኬት ለብሼ፣ አንድም ስህተት ሳልሠራ። ምስሉ ሁለቴ ቢቆምም ድምፄ ደርሷቸዋል። አጨበጨቡ፣ እንደ ስብሰባ ጭብጨባ ዓይነት።

ከዚያ አንዲት ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። ካሻ። "ዊዳድ የታለች?"

ዊዳድ ከኋላ ተነሳች።

"ለምን እምቢ አልሽኝ? አንቺ አይደለሽማ እሱን የጻፍሽው። በታላቅ ትሕትና አልሽኝ እኮ!"

ዊዳድ መጀመሪያ ቲቸርን አየች። ከዚያ እኔን። ሲገባት አየሁ። ፊቷ ላይ አየሁት፣ ዓይኔን ከሷ መንቀል አቃተኝ።

"ጻፊልኝ ያልኳት እኔ ነኝ" አለች በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። "ካሜራ ፈርቼ።"

ካሻ ሳቀች። እናትሽስ፣ አሁንም ዓይኗን ትጨፍናለች? አለቻት። ዊዳድ ቆማ ዓይኗን ጨፍና አሳየቻት። እዚህም እዚያም ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ... በዚያች ደቂቃ እንኳ ቀናሁባት። እየሸፈነችኝ፣ በደግነቷ ቀናሁባት። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ሚያዝያ 21

ጠዋት ግቢ በር ላይ ጠበቅኋት።

"ዊዳዴ..."

"ወረቀቴን ስጪኝ።"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እንዳጣጠፈችው ነበር። ገልጣ አየችው፣ አንድም ቦታ እስክሪብቶ አልነካውም።

"ሦስት ሳምንት ምን በድያት ይሆን ስል እንቅልፍ አጣሁ። አጠገቤ ተቀምጠሽ ታዪኝ ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"ትናንት በፈረንጅ ፊት እንድትዋረጂ ስላልፈለግሁ ነው። ሸፈንኩልሽ እንጂ አፉ አላልኩሽም፣ እወቂው።"

ዛሬ ሸረፈዲን አጠገብ ተቀመጠች። ዴስኩ ሰፋኝ።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

የቡድን ግምገማ። ስድስታችንም ነበርን። ግለ ሂሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰዓት አላከብርም፣ ወደፊት አስተካክላለሁ። ሞላ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ያስተካክላል። ዛሬም ያንኑ አለ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ዊዳድ ናት፣ አንገቷን ደፍታ ጻፈችው።

ተራዬ ደረሰ። ሰዓት አላከብርም ልል አፌን ከፈትኩ። "ለዊዳድ የመጣውን ደብዳቤ ደብቄ በስሟ መለስኩ። የካሻንም ሁለት ደብዳቤ ደበቅሁ። ጻፊልኝ አላለችኝም። ቀንቼባት ነው።"

"ኧረ ነፂ!" አለ ሞላ፣ "እንዲህ ያለ ግለ ሂስ ማን አምጪ አለሽ?" ማንም አልሳቀለትም።

ዊዳድ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ሳትል "ልጻፈው?" አለች።

ይህ ወረቀት ቲቸር አምባዬ ጋ ይሄዳል። ያንን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

"ጻፊው።"

ጻፈችው። አላሳጠረችውም። ቀንቼባት ነው የሚለውንም አስገባችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋችው፣ ፈረምኩ። ፓስወርዱንም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ሁሉም ገለበጡት።

ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ፣ ለማግዳ የራሴን ልጽፍ። ገና ሁለት መስመር ነው የጻፍኩት። ዊዳድ ከኔ በፊት ገብታ ለካሻ ልካለች፣ ሳልከፍተው የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜ ይታያል። ምን ብላ ጽፋብኝ ይሆን? ማውሱ እጄ ውስጥ ነበር።

አልከፈትኩትም።