የሲስተር አኔታ ዘመድ

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ሁላችንም ደህና ነን። የስፌት መኪናሽ እንደተውሻት መስኮቱ ሥር ናት፤ ልጆቹ ሲነካኩብኝ ልክ እንዳንቺ እጮሃለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ በሲስተሮች ግቢ ምክንያት ነው። ስፌት የተማርሽበት የካቶሊክ ገዳም መነኮሳይያቱ አርጅተው ወደየአገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ደግሞ ቢሮ ሆነ። ጸሎት ቤታቸው አሁን የስብሰባ አዳራሽ ነው። እዚያ የቀረችው ከግንቡ ሥር የተቀበረችው አስተማሪሽ ሲስተር አኔታ ብቻ ነበረች።

በዚያ ባለፍን ቁጥር መቃብሯን ጠርገሽ ስለ እሷ ታወሪኝ ነበር። አማርኛ የለመደችው ከእናንተ ከሴቶቹ ስለሆነ ፖሊሱንም «አንቺ» ስትለው ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ትስቁ ነበር። ስፌት ከጠመመባት ግን ምሕረት የላትም፤ እስክታለቅሺ ታስፈታሻለች። በረመዳን ደግሞ ለማፍጠር ቤትሽ እንድትደርሺ ቀድማ ታሰናብትሽ ነበር። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ይቺን ሴት እዚህ አገር ማን ያለቅስላታል?» ትይ ነበር።

ዘንድሮ ከሐይቁ ዳር የሚመጣው መንገድ ሲሰፋ መቃብሯ ይነሣ ተባለ። ካቶሊኮቹ በመካነ መቃብራቸው ቦታ ሰጧት። አፅም ሲነሣ ግን ዘመድ ቆሞ ይቀበላል፤ እሷን የሚቀበል አልተገኘም። ነገሩን ስሰማ እንቅልፍ ነሣኝ። አቡጀዲ ገዛሁና መጠቅለያዋን በአንቺ መኪና ሰፋሁ። ጠመመብኝ። አፈር ውስጥ ማን ያየዋል ብዬ ልተወው ነበር፤ ሁለታችሁም ፊቴ ድቅን አላችሁብኝና ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

በማግስቱ ዘመድ ማን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ እኔ ነኝ አልሁ። ቆፋሪው ሂጃቤን አይቶ ግራ ገባው። ቄሱ ግን ምንም ሳይጠይቁ መንገድ ለቀቁልኝና አቡጀዲውን ዘረጋሁ። አጥንቷ ትንሽ ነው እማዬ፤ የልጅ ይመስላል። በሕይወቴ ላላየኋት ሴት እንደዚያ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብሁም። ለእሷ ይሁን ለአንቺ፣ እኔም አልለየሁት።

አላህ ይዘንልሽ፣ እናቴ። አንቺን ልዘይር በመጣሁ ቁጥር በእሷም በኩል አልፌ፣ እንደ አንቺ ጠርጌላት እመለሳለሁ። አልቃሽ የላትም ብለሽ ከእንግዲህ አትዘኚ።

ልጅሽ ፋጡማ