መፋቂያህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው

አብዱልጀባር፣

ሰንበቴ ገበያ ሄጃለሁ። ኮምፒውተሩን እንዳትነካው! የእህትህ የዓፊያ የሰርግ ቪዲዮ እየተቀናበረ ነው፤ አስር ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ መጥተው ይወስዱታል።

ስክሪኑ አረንጓዴ መስመር ሲያመጣ የነበረው አንተ በጫንከው ጌም አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ የጮህኩብህን እንግዲህ...

ተወው።

እኔው የገጠምኩት፣ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርድ የራሱ ክብደት ከብዶት ዘመም ብሎ ኖሯል። ከሥሩ ድጋፍ ስፈልግለት እርሳስ አጠረ፣ ማንኪያ ረዘመ። ያንተ መፋቂያ ልክክ አለ፤ መስመሩም ወዲያው ጠፋ።

ስለዚህ የጠረጠርከው ጎረቤታችን በድሩ መፋቂያህን አልሰረቀም። ሄደህ አፉ በለኝ በለው።

እንዳትነቅለው፤ ከነቀልከው ስክሪኑ እንደገና አረንጓዴ ይሆናል። ኢንሻአላህ አዲስ መፋቂያ ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ ተጉመጥመጥ።

ወላሂ፣ ቪዲዮው ውስጥ ካለው ሰርገኛ ሁሉ እንዳንተ ጥርሱ የሚያበራ የለም።

አጎትህ ሰልማን