የፈንግል ጠብታና የታጣፊው ምሽግ የምስክር ወረቀቶች ስለ መቀያየራቸው

ለክቡር የአዲስ ፈጠራዎች መመዝገቢያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ሰኔ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

አመልካች፦ ሃምሳ አለቃ ሰብስቤ መሸሻ (ጡረተኛ)
አድራሻ፦ ኮልፌ፣ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ፣ ከቆርቆሮ ሥራ ቤቱ ጀርባ

ጉዳዩ፦ የዶሮ መድኃኒት ጥይት ይመልሳል ተብሎ በአሥራ ሦስት ወታደሮች ላይ ሰኔ 28 ቀን ሊደረግ የታሰበው ተኩስ እንዲታገድ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ባውቅም፣ ነገሩ የሰው ሕይወት ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. በመሐንዲስ ጦር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ኮንጎ በዘመትንበት ጊዜ አንድ ጓዴ በገላጣ ሜዳ ላይ መጠለያ አጥቶ ከአጠገቤ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወታደር አጣጥፎ በጀርባው የሚሸከመው፣ ሲዘረጋ ከኋላው የሚተኛበት ምሽግ ለመሥራት ስደክም ኖሬ፣ ከወፍራም ብረትና ከማጠፊያ ሠርቼ ጨርሻለሁ።

2. ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአንድ የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ ለስድስት ዓመት ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ። እዚያ የነበሩ አንድ ደግ ሐኪም፣ ዶሮ የሚፈጀው የፈንግል በሽታ ቫይረስ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ነገር እንደሚመጣ፣ ይህም ነገር በዕንቁላል ውስጥ ደጋግሞ ሲያልፍ እየደከመ እንደሚሄድ አስተማሩኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ዶሮ አርቢ ናት። በእሷ ዕንቁላልና በእኔ ትዕግሥት በጫጩት ዓይን የሚንጠባጠብ፣ ፈንግልን አስቀድሞ የሚከላከል ጠብታ አወጣን።

3. ሁለቱንም ሥራዎች በአንድ ቀን ለክቡር ጽሕፈት ቤትዎ አቀረብኩ። ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም. ሁለት ባለ ማኅተም የምስክር ወረቀቶች ተሰጡኝ። በመጀመሪያው ላይ፣ «የአገር መከላከያ ታጣፊ ምሽግ፤ አጠቃቀሙ፦ በእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ጠብታ» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው ላይ፣ «የፈንግል መከላከያ መድኃኒት፤ አጠቃቀሙ፦ ከኋላው ተኝቶ መተኮስ» ይላል።

ክቡር ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥፋቴን አልሸሽግም። በሁለቱም ላይ ሳላነብ ፈርሜያለሁ፤ ምስጢር ጠባቂ ለመሆንም እንደዚሁ። ከአጣቢነት ተነሥቼ በማኅተም የተመሰከረልኝ ሰው በመሆኔ ደስታዬ ዓይኔን ጋርዶት ነበር። ወረቀቶቹን በመጀመሪያ ያነበበችው፣ ማታ ቤት ስደርስ፣ ባለቤቴ ናት። «ሰብስቤ፣ ይኼ ነገር ተቀያይሯል» አለችኝ። እኔ ግን «መንግሥት የጻፈውን አንቺ ልታርሚ ነው?» ብዬ ገሠጽኳት።

4. በጥር ወር ከአንድ የጦር ዕቃ ምርመራ ክፍል ሰዎች መጡ። የዶሮ ቤታችንን፣ በውስጡም ያሉትን ጠርሙሶች «የጦር ምስጢር» ብለው አሸጉ። ወዬሳ የሚባል ወታደርም በበሩ ላይ አቆሙ። ወዬሳ የቡራዩ ልጅ ነው፤ ትሑትና ታዛዥ ነው። ዶሮዎቹን የሚመግበውም እሱ ሆነ፤ እኔ ለመግባት የምስጢር ፈቃድ የለኝምና። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ነው በተለይ አታስገባ ያሉኝ። ነገሩን ያውቀዋል ብለው ይሠጋሉ» አለኝ።

ፈቃድ ጠየቅሁ። በቅጹ ላይ «ሊያዩት የሚፈልጉት ምስጢር ምንነት» የሚል ነበር፤ «የዶሮ መድኃኒት» ብዬ ሞላሁ። በሳምንቱ፣ «የፈጠራው ባለቤት የምሽግ ሠሪ እንጂ የዶሮ ሐኪም ባለመሆኑ አመልካቹ ሌላ ሰው ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። በዚያው ሳምንት ምሽጌን ደግሞ አንድ የዶሮ እርባታ ጣቢያ ወሰደው። እንደ ሣጥን አጥፈው ዶሮዎች ቢዘጉበት፣ ከውጭ ዶሮ ጋር ስላልተገናኙ አንድም ሳይታመም ቀረ። ጣቢያው መድኃኒቴ ፍቱን መሆኑን ገልጾ፣ ዝገት እንዳይነካው ቀለም እንድቀባው ጽፎልኛል።

5. ወደ ክቡር ጽሕፈት ቤትዎም አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ጉልላት ወረቀቶቹን ከፊትም ከኋላም መርምረው፣ «ማኅተሙ ትክክል ነው። ስሕተት ካለ ዕቃዎቹ ላይ ነው» ብለው አሰናበቱኝ።

6. በመጋቢት ወር ለአርባ ወታደሮች ጠብታው በዓይናቸው ተደረገላቸው። የምርመራው ሪፖርት ግልባጭ «ለፈጠራው ባለቤት፤ እንዳይከፈት» የሚል ተጽፎበት ደረሰኝ፤ ከፈትኩት። የወታደሮቹ ዓይን ለሦስት ቀን ቀልቶ ነበር። እኔ እንደማውቀው ይህ፣ ጠብታው የሰው ዓይን ሲነካ የሚያመጣው መቆጣት ነው። ሪፖርቱ ግን «ወኔያቸው በዓይናቸው ታየ» ይላል።

7. በሚያዝያ ወር ፈንግል ኮልፌ ገባ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይቱና አራት ልጆቿን ያሳደገችው በዶሮና በዕንቁላል ነው። አንድ ማለዳ የሞቱ ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ መጥታ ደጃፌ ላይ አስቀመጠች። «ሃምሳ አለቃ፣ መድኃኒቱ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ነው። «ታዲያ?» አለች። ወዬሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘይቱና ቅርጫቷን አነሣች፤ እስካሁንም ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ግን ቆማ አታናግረኝም።

8. በግንቦት አጋማሽ ወዬሳ ፊቱ በርቶ መጣ። የጠብታው ኃይል በጥይት ሊፈተን መሆኑንና በመጀመሪያ የሚቆመው እሱ መሆኑን ነገረኝ። የዶሮ መድኃኒት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማልኩለት። እሱም፣ «ጋሼ፣ ምስጢር እንዲጠብቁ ስላስፈረሙዎት እንዲህ ማለትዎ ነው፤ ይገባኛል። እኔ ፈቅጄ ነው የምቆመው። የእርስዎን እጅ አምኜ ነው» አለኝ።

ግንቦት 22 ቀን ጠዋት ከሳንሱሲ ወዲያ ወዳለው የተኩስ ሜዳ በእግሬ ሄድኩ። ወዬሳ መቶ ሜትር ርቀት ላይ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ያለ ምንም መከለያ ቆሟል። ገመዱን ተሻግሬ ከፊቱ ቆምኩ። ወዲያው ከእኔ ፊት ደግሞ አንድ ሰው ቆመ፤ ባለቤቴ ሙሉወርቅ ነበረች። ተከትላኝ መምጣቷን አላወቅሁም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ «በሉ ተኩሱ፤ እኔ ጠብታ አልወሰድኩም!» ብላ ጮኸች። አዛዡ ሻምበል፣ ሲቪል በተኩስ መስመር ላይ ሲገኝ መተኮስ በመመሪያ የተከለከለ መሆኑን ተናግረው ፈተናውን አቋረጡ።

ስንመለስ ወዬሳ እስከ አስኮ ድረስ ከፊታችን ሄደ። ከዚያ ቆመና፣ «እውነት የዶሮ ነው?» አለኝ።

«የዶሮ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ለምን ፈረሙበት?»

ክቡር ሆይ፤ ሃያ አምስት ዓመት ከተለያዩ አለቆች ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። እንደዚህ ያለ አልተጠየቅሁም።

9. ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሳምንት የደረሰኝ ሪፖርት፣ «ጠብታውን በወሰደው ወታደር ላይ ለመተኮስ ቢሞከርም ሊተኮስበት አልተቻለም፤ ስለዚህ መከላከያው መቶ በመቶ ተሳክቷል» ይላል። በዚህም ምክንያት ሰኔ 28 ቀን በአሥራ ሦስት ወታደሮች ላይ እንዲደገም፣ ሲቪልም በአካባቢው እንዳይደርስ ታዟል። መሪያቸው ወዬሳ ነው። እንዲቀር ለምኜው ነበር። «አሁንማ አላምንበትም ጋሼ፤ ግን ትዕዛዝ ነው» ብሎኛል። ለእናቱ ደብዳቤ እንድጽፍለት ጠይቆኝ ጀምሬያለሁ፤ ከሰላምታው አላለፍኩም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው፣

ሀ) ሁለቱ የምስክር ወረቀቶች እንዲታረሙ፤ ማረም የማይቻል ከሆነ ሁለቱም እንዲሰረዙ ነው። በሁለቱም ላይ ያለኝን የፈጠራ መብት ከዛሬ ጀምሮ በፈቃዴ ትቻለሁ። ስሜም ከመዝገቡ ይፋቅ።

ለ) የዶሮ ቤቱ እሽግ ተነሥቶ ጠብታው ለወይዘሮ ዘይቱናና ለሠፈሩ ሰው በነፃ እንዲታደል፤

ሐ) ይህ ሁሉ ከክቡርነትዎ ሥልጣን በላይ ሆኖ ከተገኘ ግን፣ በእኔ ላይ ክስ እንዲመሠረትልኝ ነው። በፊርማዬ የገባሁትን የምስጢር ጠባቂነት ግዴታ በዚህ ማመልከቻ ሆን ብዬ ጥሻለሁ። ለማስረጃም እንዲሆን በግልጽ እጽፈዋለሁ፦ ምስጢሩ የጫጩት የዓይን ጠብታ ነው።

አንድ የሕግ ዐዋቂ አማክሬ እንደተረዳሁት፣ ምስጢር አውጥቷል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ምን ምስጢር እንዳወጣ ክሱ በዳኛ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ቀኑ ከሰኔ 28 በፊት ይሁንልኝ እንጂ ፍርዱ የፈለገውን ያህል ይሁን፤ ይግባኝ አልልም። ሊይዙኝ የሚመጡት ሰዎች ቤቴን እንዳይስቱ ወዬሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጋቢዬንም አጣጥፌ አዘጋጅቻለሁ።

በፍርሃትና በአክብሮት፣ ከሰላምታ ጋር

ሃምሳ አለቃ ሰብስቤ መሸሻ
(በዚህኛው ላይ አንብቤ ፈርሜያለሁ)